መስተዋቱ እውነት ይናገራልን? ስለ መብራት፣ ስለ መስተዋትና ሴቶች ለመልካቸው ስለሚሰጡት ግምት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጫግኒ ከተማ የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሜ በተወለድሁባት ከተማ በጫግኒ ቆሜ ስለ ሙያችን እንድናገር ዕድሉን ለሰጠኝ የዝግጅት ኮሚቴ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሱን ባስታወቅሁ ጊዜ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አልሸሽግም። የመሥመር ዝርጋታና የትራንስፎርመር ጉዳይ ሳያልቅ ስለ ሴቶች መስተዋት ምን ያናግራል ያሉኝም ነበሩ። ንግግሬ ሲያበቃ ፈገግታው እንደማይቀጥል ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢቀጥልም አልቀየምም።

እንደሚታወቀው ይህች ከተማ ከእንጅባራ ተነሥቶ በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ዕለት ድረስ ብዙ ጭነት በደጃችን አልፏል። ስለሚመነጨው ኃይል ብዛት በየስብሰባው ሰምተናል። ኃይሉ ብርሃን ሆኖ በሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ግን በኛ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

ጉዳዩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት በዚሁ ከተማ የሴቶች ፀጉር ቤት ስትከፍት የመብራቱን ሥራ የሠራሁላት እኔ ነበርሁ። ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱም አንድ ብቻ ነበር። የተማርሁትን ሒሳብ ሠርቼ፣ ለወለሉ ስፋት የሚበቃውን የብርሃን መጠን አስልቼ፣ ሁለት ረጃጅም ነጭ የኤልኢዲ መብራቶች ከኮርኒሱ ላይ፣ ልክ ከወንበሮቹ አናት በላይ ሰቀልሁ። ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም፤ ቤቱም ቦግ አለ። ባለቤቷ ተደስታ ሒሳቤን ሳታጓድል ከፈለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ እኔው ራሴ ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ ካስክ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለእኅቷ ሠርግ የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ ሹሩባዋ አልቆ ወደ መስተዋቱ ዞረች። ከደጅ ስትገባ አይቻታለሁ፤ ፊቷ የጠራ፣ ዐይኗ የደመቀ ልጅ ነበረች። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው ግን ሌላ ነች፤ ከዐይኗ በታች ጠቁሯል፣ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ቆዳዋ አመድ የተነፋበት ይመስላል። «እንዲህ ነው እንዴ የምመስለው?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ በመደርደሪያው ላይ ከነበሩት ቅባቶች አንዱን፣ «ያንን የሚያቀላውን» ስጪኝ አለች። ዋጋውን ሰምታ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ገንዘብ ፈታች። እኔም ያን ጊዜ ቀና ብዬ ራሴን አየሁ፤ ዐሥር ዓመት ተጨምሮብኛል።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ባለቤቷን፣ «ደንበኞችሽ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አዬ እትዬ፣ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሁሉ ፊቴ ተበላሸ ትላለች። ቅባቱንም ያመጣሁት ስለሚጠይቁኝ ነው» አለችኝ። የተበላሸው ፊት ሳይሆን እኔ የሰቀልሁት መብራት መሆኑን ለመናገር አፌ ተሳሰረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የታረሰ ማሳን የተመለከተ ሰው እያንዳንዱ ጓል ረጅም ጥላ ሲጥል ያያል፤ ያው ማሳ ብርሃኑ በቀጥታ ሲያርፍበት ግን ለጥ ያለ ይመስላል። በፊትም ላይ እንደዚሁ ነው። ብርሃን ከአናት ሲወርድ ቅንድብ ዐይንን ያጠላበታል፣ አፍንጫ ከንፈርን፣ አገጭ አንገትን። ግንባርና ጉንጭን እየታከከ ስለሚያልፍም በሌላ ጊዜ የማይታየው ብጉርና የቆዳ ሸካራነት ሁሉ እንደ ጓሉ ጎልቶ ይወጣል። ብርሃኑ በዐይን ትይዩ ከፊትና ከግራ ቀኝ ሲመጣ ጥላው ይጠፋል። ፊቱ ያው ፊት ነው።

ሁለተኛው ነገር የቀለም ጉዳይ ነው። ሽቦው እየጋለ ያበራ የነበረው አሮጌው አምፖል ቀይ ጨረር በብዛት ነበረው፤ ቀለምን አስተካክሎ የማሳየት ብቃቱም በባለሙያዎች መለኪያ ከ100 መቶ ነበር። ኃይል ቆጣቢዎቹ አምፖሎች ሲመጡ በኃይሉ ተጠቀምን፤ በቀለሙ ግን አንዳንድ ነገር አጣን። በየሱቁ ከሚሸጡት ርካሽ አምፖሎች መካከል በዚሁ መለኪያ 80 የማይሞሉ አሉ። በተለይ ቀዩን ቀለም ስለሚያጎድሉ፣ የኛ የጠይምና የቀይ ዳማ ቆዳ ሙቀቱን አጥቶ ግራጫ ይመስላል። በዚህ ላይ ተራ መስተዋት በውስጡ ባለው ብረት ምክንያት ጥቂት አረንጓዴነት አለው። ስስ መስተዋት ደግሞ ባልተስተካከለ የጭቃ ግድግዳ ላይ በምስማር ተወጥሮ ሲመታ ይጎብጣል፤ ወደ ውስጥ ከጎበጠ ፊትን ያሰፋል፣ ወደ ውጭ ከጎበጠ ያጠባል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው ያቺ ልጅ «እኔ» ያለችው።

የቀለም ነገር ከተነሣ ፎቶግራፍንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ይልከው በነበረው ካርድ ላይ የነበረው ምስል ለብዙ ዓሠርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር። በዚያ መለኪያ የጠቆረ ፊት ሲታተም ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ያሉት የድሮ የቀለም ፎቶግራፎች የእናቶቻችንን ፊት አጥቁረው ጥርሳቸውን ብቻ ያስቀሩት ፎቶ አንሺው ስላልቻለ ብቻ አልነበረም።

ሰው ለራሱ መልክ ያለው ዕውቀት ከምናስበው በላይ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካኖች ጥናት፣ ሴቶች ከሁለት ፎቶግራፎቻቸው መካከል በመስተዋት እንደሚያዩት ቀኙ ወደ ግራ የዞረውን ሲመርጡ ጓደኞቻቸው ደግሞ ትክክለኛውን እንደመረጡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የባርባራ ፍሬድሪክሰንና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። ተማሪዎች ብቻቸውን መስተዋት ባለበት ክፍል ገብተው ከፊሎቹ የዋና ልብስ፣ ከፊሎቹ ሹራብ እንዲለብሱ ተደርጎ የሒሳብ ጥያቄ ተሰጣቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ውጤት ዝቅ አለ፤ በወንዶቹ ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለ መልኩ ሲጨነቅ የሚውል አእምሮ ለሌላው ሥራ የሚተርፈው ኃይል ያንሰዋል ማለት ነው።

እናቶቻችን እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አልነበረባቸውም፤ መስተዋት በየቤቱ አልነበረምና። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ደጅ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከሠሪዋ ጉልበት ሥር ትቀመጥና ፍርዱን የምትሰማው ከሠሪዋና ከጎረቤት አፍ ነበር። ያ ዘመን ይመለስ እያልሁ አይደለም፤ የጎረቤትም አፍ አንዳንዴ ከመስተዋት ይከፋል።

ጉዳዩን ቀላል የማያደርገው ግን ቅባቱ ነው። «ያቀላል» እየተባለ ከሚሸጠው አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ሌላው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ የማይገባው ጠንካራ ስቴሮይድ ይገኝበታል፤ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲተዉትም ፊት ይቆጣል። በኔ መብራት ምክንያት ስንት ልጅ ያን ቅባት ገዝታ እንደወጣች እግዚአብሔር ይወቀው።

ከባለቤቷ ጋር ተማክረን በአንድ እሑድ ሥራውን አፈረስሁት። የኮርኒሱን መብራት ለማጽጃ ብቻ አስቀርቼ በእያንዳንዱ መስተዋት ግራና ቀኝ፣ ተቀምጣ ባለች ሴት ዐይን ትይዩ፣ ወተት መሳይ ሽፋን ያላቸው መብራቶች አቆምሁ። ቀለማቸው 3000 ኬልቪን፣ ቀለም የማሳየት ብቃታቸው ከ90 በላይ ነው። መስተዋቶቹን በደልዳላ ጣውላ ላይ አስመትቼ ከመስኮቱ አጠገብ አዞርኋቸው፤ በዚህም የሚቀመጡት ፊታቸውን ለቀን ብርሃኑ ይሰጣሉ። አረንጓዴው ግድግዳም ነጣ ያለ ቀለም ተቀባ። ይህን ማታለል ነው የሚል ካለ መልሴ ዝግጁ ነው። ልብስ ለመሸጥ ሲባል ሆን ብሎ የሚያቀጥን መስተዋት መስቀል ማታለል ነው፤ እኔ የሠራሁት ግን ሴቲቱ ከደጅ ሲያዩዋት የምትመስለውን እንድትመስል ብቻ ነው።

ደንበኞቹ የተለወጠው ምን እንደሆነ አላወቁም። «መስተዋቱን ወለወልሽው እንዴ?» ይሏታል አሉ። ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ወደ እንጅባራ የሚሄዱ ልጆች ሊሠሩ በመጡ ጊዜ እኔም እዚያው ነበርሁና፣ ቅባቱን የጠየቀች አንዲት ብቻ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት ግን ባለቤቷ ደውላ ከመብራቶቹ አንዱ ተቃጥሎ በምትኩ ከሱቅ የተገኘው ሰማያዊ የሚያጠቃው አምፖል ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ያን ወንበር የሚፈልግ ጠፍቷል። ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ ስመጣ ከባሕር ዳር ሁለት አምፖሎች ገዝቼ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ከምሳ በኋላ ሥራውን ለማየት የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር አብረን እንሄዳለን።