በቆላ ሙቀት የሰሊጥ አጨዳ እንዳይጓደል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




እንደሚታወቀው በመተማና በአካባቢው ቆላ ሰሊጥ የሚታጨደው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ዝናቡ ይወጣል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ሰብሉም ሰው አይጠብቅም። የሰሊጥ ፍሬ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚደርስ፣ የላይኛው እስኪደርስ የጠበቀ ገበሬ የታችኛውን መሬት ላይ ረግፎ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁሉም ይጣደፋል፤ ባጨደው ልክ የሚከፈለው ሠራተኛም እኩለ ቀን ሳይል ያጭዳል። ጥድፊያው ምክንያት አለው። ስሌቱ ግን ኪሳራ ነው።

የሚያጭድ ሰው ሰውነቱ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት የሚያወጣለት ላብ ነው፤ ላብ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። መሬቱ ገና እርጥብ በሆነበት በመስከረም አየሩ ስለሚታፈን ላቡ በቀላሉ አይተንም። ያን ጊዜ እጅ ይዝላል፣ ማጭድ እግር ይቆርጣል፣ ነዶ በግዴለሽነት ይወረወርና ፍሬው ይረግፋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ ሙቀትን ከእርጥበትና ከፀሐይ ጋር አጣምሮ የሚያሳየው መለኪያ ከ20 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሠራተኛ ምርታማነት ከ2 እስከ 3 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጸዋል።

ሰሊጡም ቢሆን ጠዋትን ይመርጣል። ጤዛ ያረጠበው ፍሬ በቀላሉ አይፈነዳም፤ እኩለ ቀን ላይ የደረቀው ግን ሲነካ ይረግፋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያም ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት ማጨድ ለሰውም ለሰብልም ይበጃል።

ከባዱ ጉዳይ ከደጋ የሚመጣው ሠራተኛ ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ወርዶ በማግሥቱ ማጭድ ይጨብጣል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሙቀት ሰው የሚገድለውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የሙያው ምክር አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ሠርቶ በየቀኑ እንዲጨምር ነው። ሰው በጠፋበት ወቅት ይህ ለባለ እርሻ የሚዋጥ አይመስልም። ቢያንስ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ብቻ ማሠራት ይቻላል፤ ሰውዬው የጎደለበትን ገቢ በምግብ ወይም በቀን አበል ማካካስም ተገቢ ነው። አለበለዚያ ምክሩን ራሱ ሠራተኛው አይቀበለውም።

ውኃም እንዲሁ ነው። በየ20 ደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል መጠጣት ያስፈልጋል። ውኃው ከማሳው ዳር ርቆ ከተቀመጠ፣ ባጨደው ልክ የሚከፈለው ሰው ጥሙን ችሎ ያጭዳል፤ ስለዚህ ውኃው ወደ እሱ መሄድ አለበት። ጀሪካን የሚጭን አህያና አንድ ውኃ አዳይ፣ ዩኒየኑ ለጆንያና ለሸራ በሚይዘው በጀት ውስጥ አብረው ሊያዙ የሚገባቸው የምርት ግብዓቶች ናቸው።

ለቀን ዕረፍት ዳስ ይጣል። ሌሊት ግን ከግራር ሥር መተኛት ይቅር፤ በሰሜን ምዕራብ ቆላ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ልማድ ለካላአዛር እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል።

በእርሻ ላይ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ነው ብሎ ማስተኛት የተለመደ ነው። በፀሐይ ሲሠራ ቆይቶ የሚቀባዥር፣ የሚንገዳገድ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ግን ሙቀት መትቶት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠፋ ደቂቃ የለም። ወደ ጥላ ማውጣት፣ ልብሱን ማላላት፣ መላ ሰውነቱን በውኃ እያራሱ ማራገብ፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አለመስጠት፣ እያቀዘቀዙም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። አብዛኛው እርሻ ከመንገድ ሩቅ ስለሆነ፣ ሕመምተኛውን የሚያደርሰው ትራክተር የማን እንደሆነና ሾፌሩ የት እንደሚገኝ አጨዳው ሳይጀመር መታወቅ አለበት።