ገደሉ ለኬብል ጠላት፣ ለሬዲዮ ወዳጅ



የደጎሎን አገር ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የማዶው ጎጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልሂድ ያለ ሰው ግን ገደሉን ወርዶ እስኪወጣ ቀኑ ያልቃል። ይህ ለመንገድም ለፋይበርም መከራ ነው። ለሬዲዮ ግን በተቃራኒው ነው፤ ሁለት አንቴናዎች ከተያዩ ይበቃል። በ5.8 ጊጋኸርዝ 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞገድ እመሐል መንገዱ ላይ በዙሪያው 16 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በሜዳ አገር ለዚህ ሲባል ረጅም ማማ ይተከላል፤ እኛ ዘንድ ገደሉ በነፃ ሰጥቶናል።

በአማተር ሬዲዮ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ማስኬድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በ44 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለአማተሮች ተመድበው ነበር። የቆየው የፓኬት ሬዲዮ ፍጥነት በሰከንድ 1200 ቢት ነው። እስቲ እናስላው፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ 1200 ፊደል ያለው አንድ ገጽ ደብዳቤ 24 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። አይፒቪ6 ደግሞ መስመሩ 1280 ባይት የሚሆን ፓኬት እንዲሸከም ያስገድዳል፤ የኤኤክስ.25 ፍሬም ግን በተለምዶ ከ256 ባይት አያልፍም። ስለዚህ ፓኬቱን ወዲህ ቆራርሶ ወዲያ የሚገጣጥም ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ይህን ሳወራ ብዙ ሰው «ታዲያ ጤና ጣቢያውን እናገናኝበታ!» ይለኛል። አይሆንም። የአማተር ደንብ ንግድንም መልእክት መመስጠርንም አይፈቅድም፤ የተላከውን ማንም ሊያነበው ይችላል። የታካሚ ምስጢር በዚህ መስመር አይላክም። ይህን ሳንናገር ለገጠሩ ሰው ተስፋ ብንሰጥ ማታለል ይሆናል።

ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ሰው ያሠለጥናል። አንቴና ማነጣጠር፣ መስመር ሲቋረጥ ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት፣ በባትሪና በሶላር መሥራት በእጅ እንጂ በስላይድ አይለመድም። ነገ ፈቃድ ባለው መስመር ጤና ጣቢያውን የሚያገናኘው ዛሬ በዚህ የተለማመደው ልጅ ነው።

የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ እዚሁ አምስት ኪሎ ነው። ስንቶቻችን በደጁ አልፈን ሄድን? መምህሮቻችን፣ ለተማሪዎች በሩን ክፈቱልን። እኛ ተመራቂዎች ደግሞ ፈቃዱ በአግባቡ ሲወጣ የሁለት ሬዲዮ ገንዘብ እናዋጣ። አንዱን ከወዲህ፣ አንዱን ከማዶ የሚሰቅል የደጎሎ ልጅ አይጠፋም።