ሕመማችንን የደበቅንበት ጊዜ

(በማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ያቀረቡት ንግግር)



ይህ የሴቶች መረዳጃ ማህበር ነው፤ ባልየው እዚህ ምን ይሠራል እንደምትሉ እናውቃለን። እንድትናገር የተጋበዘችው ሚስትየዋ ነበረች። ነገር ግን የምንናገረው በሁለታችንም ላይ የደረሰ ስለሆነ፣ ይህን ወረቀት የጻፍነው የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አብረን ተቀምጠን ነው። ስለዚህ "እኛ" ስንል ሁለታችንን ማለታችን ነው። መለየት ሲያስፈልግ "ባልየው" እና "ሚስትየዋ" እንላለን፤ አትሳቁብን።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲቪ ደርሶን ከአዲስ አበባ ከወጣን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖናል። ባልየው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ ሚስትየዋ አረጋውያንን በየቤታቸው ስትንከባከብ ኖረናል። አንዳችን ስንገባ አንዳችን እንወጣ ነበር። በደንብ የምንገናኘው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ በቤት ለቤት ኅብረታችን ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ስምንት ቤተሰብ ነን። በየተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን፤ እንዘምራለን፣ ቃሉን እናጠናለን፣ እንጸልያለን፣ በመጨረሻም ቡና ይፈላል። በሰው አገር ዘመድ የሆኑን እነዚህ ሰዎች ናቸው። የደበቅናቸውም እነርሱኑ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ሳናውቀው ነው። ባልየው የደም ግፊት እንዳለበት የተነገረው ገና በ40ዎቹ ዕድሜው ነበር። ክኒኑን ለጥቂት ወራት ከዋጠ በኋላ "ምንም አያመኝም" ብሎ ተወው። የደም ግፊት ክፋቱም ይኸው ነው፤ ሳያም ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ስለሚውል ወገቡን ያመው ነበር። ለወገቡ አይቡፕሮፌን እየገዛ እንደ ከረሜላ ይውጠው ነበር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ጉዳት ያለው አልመሰለንም። ግፊት ያለበት ሰው ይህን ማስታገሻ ሲያዘወትር ኩላሊቱን ሊጎዳው እንደሚችል የሰማነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ። "መቀመጥ ሲበዛ ነው" አልን። ሽንቱ አረፋ ይሠራ ነበር፤ ይህን ለሚስትየዋም አልነገራትም። ምግብ ሲያስጠላው ብርድ ነው ብላ ፌጦ በጠበጠችለት። አንድ ቀን የቤታችንን ደረጃ መውጣት አቅቶት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ደሙ ሲመረመር የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ከ15 በታች ወርዷል ተባለ። ከ15 በታች ማለት ኩላሊት ሥራውን ወደ ማቆም ደርሷል ማለት ነው።

ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት "አስተርጓሚ ልጥራላችሁ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ሚስትየዋ "አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ" አለች። እንግሊዝኛዋ ለሥራዋ ይበቃታል፤ ለዚያ ቀን ግን አልበቃትም። ሐኪሙ "ክንዱ ላይ ፊስቱላ እንሠራለታለን" ሲል ክው አለች። እኛ አገር ፊስቱላ ሲባል የምናውቀው ምጥ ጠንቶባቸው የሚጎዱ እናቶችን ችግር ነው፤ እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል የከፈቱለትን። ወንድ ልጅ እንዴት ፊስቱላ ይሠራለታል? ማፈር ይዟት ሳትጠይቅ ዝም አለች። በኋላ እንደተረዳነው፣ ለዲያሊሲስ የሚሠራው ፊስቱላ ክንድ ላይ ያለውን ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ጥገና ማገናኘት ነው፤ ሥሩ ሰፍቶ መርፌውን እንዲችልና ደሙ ወደ ማሽኑ በደንብ እንዲፈስ ያደርጋል። አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ ሁለት ሳምንት በጭንቀት ባልቆየን ነበር።

ይህ ግን ቀላሉ ስህተት ነበር። ሐኪሙ "ዲያሊሲሱ የዕድሜ ልክ ነው፤ አለዚያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል" አለ። ሚስትየዋ ለባልየው የተረጎመችው እንዲህ ብላ ነው፦ "ኩላሊትህ ደክሟል። ለጥቂት ጊዜ ደምህን በማሽን ያጥቡልሃል፤ ከዚያ ደህና ትሆናለህ።"

ለምን? እናንተ እህቶቻችን ምክንያቱን ሳንነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በአገራችን ክፉ ነገር ለታማሚ ፊት ለፊት አይነገርም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው የሚነገረው። የሚስትየዋ አባት የያዛቸውን ሕመም ስም ሳይሰሙ ነው ያረፉት፤ ቤተሰቡም ይህን እንደ ትልቅ እንክብካቤ ቆጥሮታል። እርሷም ያን ቀን "አዘንኩለት" አለች እንጂ "ዋሸሁት" አላለችም።

ዲያሊሲስ ተጀመረ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ። ከዚያ ተነሥቶ ሲመጣ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ ኅብረት መሄድ አልቻልንም። ሲደወልልን "ሥራ በዛብን" እንላለን። ወሬው አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ጆሮ እንዳይደርስ ፈራን። ደግሞም በኅብረታችን ውስጥ ለሰው ሕመም ቀድመን የምንጸልየው እኛ ነበርን፤ ተጸላይ መሆን አሳፈረን። የሚስትየዋ ስም በዚህ ማህበር መዝገብ ላይ ነበረ፤ ወርሃዊ መዋጮዋንም አላቋረጠችም። ለእናንተም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ቀነሰ፤ ባልየውም ምግብ መብላት ጀመረ። "ለጥቂት ጊዜ" የተባለው ያለቀ መሰለው። ሐሙስ ቀረ። ቅዳሜም ቀረ፤ ታክሲውን ይዞ ወጣ። ሚስትየዋ ሥራ ላይ ስለነበረች አላወቀችም። እሁድ ሌሊት መተኛት አቃተው፤ ተቀምጦም መተንፈስ አቃተው። ያልወጣው ውሃ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነበር። 911 ደወልን።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሲረጋጋ ነርሷ ስልክ አምጥታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። ከስልኩ ውስጥ "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚባለውን ሁሉ እንዳለ እተረጉማለሁ" የሚል የአማርኛ ድምፅ ወጣ። ነርሷ "ዲያሊሲስ ለምን ቀረህ?" ስትለው ባልየው "ጊዜው አልቋል ብዬ ነው" አለ። ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ከዚያም የነርሷን መልስ ወደ አማርኛ፦ "ይህ የሚያልቅ ሕክምና አይደለም። ንቅለ ተከላ እስኪገኝልህ ድረስ አይቋረጥም። ካቋረጥክ ትሞታለህ።"

ባልየው ፊቱን ወደ ሚስትየዋ አዞረ። "ታውቂ ነበር?" አላት።

ታውቅ ነበር።

ከሆስፒታል ወጥተን ለዘጠኝ ቀን ከ"ደህና አደርሽ" በቀር ብዙም አልተነጋገርንም። በአሥረኛው ቀን ባልየው ተናገረ። ያስቆጣው ሕመሙ አልነበረም። የገዛ ሕይወቱን ነገር ከሁሉ ሰው በኋላ የሰማው እርሱ መሆኑ ነበር። ሚስትየዋ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች። እርሱም በተራው ክኒኑን መተዉንና የሽንቱን አረፋ መደበቁን ነገራት። አንዳችን በሌላችን ላይ ድንጋይ የምናነሣበት መብት አልነበረንም። ይቅርታው በአንድ ሌሊት አላለቀም። ዛሬም ከሐኪም ስንወጣ ባልየው አንዳንዴ "ሌላ ያሉት ነገር የለም?" ይላል። ሚስትየዋ "የለም" ትላለች። አሁን መልሷ እውነት ነው።

በዚያው ሰሞን የኅብረታችን ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ሳይደውሉ መጡ። ባልየው እጅጌውን ሰብስቦ ስለነበር ክንዱ ላይ ያለውን ፋሻ አዩት። ሁሉንም ነገርናቸው። "ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁን?" ይሉናል ብለን ጠበቅን። ጋሼ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "ማክሰኞ ማን ነው የሚያደርስህ?"

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የኅብረታችን ቀን ከቅዳሜ ወደ ዓርብ ማታ ተዛወረ። ስምንት ቤተሰብ ለአንድ ሰው ሲል የሥራ ፈረቃውን አስተካከለ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያደርሰው፣ ማን እንደሚመልሰው የሚያሳይ ወረቀት ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጠፈ።

ምግቡ ግን መጀመሪያ ላይ አስቸገረን። እህቶች ሽሮውን፣ ድንች ወጡን፣ የቲማቲም ፍትፍቱን ይዘው ይጎርፋሉ። ከፍቅራቸው ብዛት ሊገድሉት ነበር! ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው ድንች፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ብርቱካን ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲጠራቀም የልብ ምት እስከ ማቆም ይደርሳል። ጨው ያስጠማል፤ የተጠጣው ውሃም የሚወጣበት አያገኝም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰጠችንን ዝርዝር ከኅብረታችን ልጆች አንዱ በአማርኛ ጽፎ ለሁሉም ላከ። አሁን ያለ ጨው የተዘጋጀ በርበሬ አለን። ድንች ካማረው ተቆራርጦ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ጥቂት ብቻ ይቀርብለታል። ቡናውን ከአቦሉ ግማሽ ሲኒ ይጠጣል፤ ቶናውን ያልፋል፤ ከበረካው ምርቃቱን ብቻ ይወስዳል።

አንድ ዓርብ ማታ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ባልየውን "እምነት ካለህ ማሽኑን ተወው" አለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ጋሼ እንዲህ አሉት፦ "ወንድሜ፣ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ለመጸለይ የመጣሁት ኢንሱሊኔን ተወግቼ ነው። ጸሎቱንም መርፌውንም የሰጠን አንድ አምላክ ነው።" ከዚያ ተንበርክከን ጸለይን፤ በማግስቱ ቅዳሜ ባልየው ወደ ማሽኑ ሄደ።

ስለ ገንዘቡም እንናገር፤ ለጋሾቻችን ልትሰሙት ይገባልና። በዚህ አገር በ1972 በወጣ ሕግ መሠረት ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው፣ እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው የሚፈለገውን ያህል ሠርተው ግብር ከከፈሉ፣ ዕድሜው 65 ባይሞላም ሜዲኬር ያገኛል። ነገር ግን ሕክምና ማዕከል እየሄደ ለሚታጠብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአራተኛው ወር ነው። እስከዚያ ባልየው እንደ ድሮው መንዳት አልቻለም፤ ሚስትየዋም እርሱን ለማስታመም ሥራ ቀንሳ ነበር። በመጨረሻ ለዚህ ማህበር ስንናገር የሁለት ወር የቤት ኪራያችንን ከፈላችሁልን። ያ ገንዘብ ከቤታችን እንዳንወጣ አድርጎናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ሦስት ነገር ለምነን እንቀመጣለን።

አንደኛ፣ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። ኩላሊትን ከሚያጠፉት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሐኪማችሁን "ኩላሊቴስ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የደምና የሽንት ምርመራ ነው። ባሎቻችሁንም እጃቸውን ይዛችሁ ውሰዷቸው።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ሆኖ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይበቃው ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። እንግሊዝኛ ብንችል እንኳ ለምንወደው ሰው ክፉ ዜና መተርጎም አንችልም፤ ምላስ ይከዳል። ልጆቻችሁን ደግሞ ፈጽሞ አታስተርጉሙ። ኮሚቴውም በሐኪም ቀጠሮ ቀን አብረው የሚሄዱ እህቶችን ስም የያዘ ዝርዝር ቢያዘጋጅ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሚስትየዋ ናት።

ሦስተኛ፣ ተናገሩ። "ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ እኛ ግን ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን። ጠያቂ ስትሆኑም "አይዞህ" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ እንደ ጋሼ "ማክሰኞ ማን ነው የሚያደርስህ?" በሉ።

ባልየው ለንቅለ ተከላ ወረፋ ላይ ነው። መቼ እንደሚደርሰው የነገረን የለም። ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የአንድ ወንድማችን መኪና በራችን ላይ ይቆማል። ባልየው ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ አውቆ ይወጣል፤ ሚስትየዋ በመስኮት ሆና ትሸኘዋለች።