ካምቢዮ ከመቀየራችን በፊት
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ ከመኪና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጆች «ስለ መኪናችን ትንሽ ንገሩን» ሲሉን መጀመሪያ አመንትተን ነበር። ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ዕድራችን በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ ባትሪና ስለ ካምቢዮ ዘይት ማውራት ደስ አይልም ብለን ነው። ይሁን እንጂ በጠቅላላ ጉባኤው የተነሳው «ትሸጥ ወይስ ትጠገን» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ስላልበረደ፣ ያየነውን በቤተሰብ ፊት መናገር ይሻላል አልን።

የኮሚቴው አባላት አራት ነን፤ ሁለት ባለሱቆች፣ አንድ ሹፌርና አንዲት ነርስ። መካኒክ በመካከላችን የለም። የምናውቀው ከሱቅ ጠረጴዛ ጀርባ ሆነን የሰማነውንና በራሳችን ገንዘብ ተሳስተን የተማርነውን ነው።

መኪናችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ሃይኤስ ሱፐር ከስተም ናት፤ ናፍጣ፣ ኦቶማቲክ፣ እንደ አብዛኛው የሐርጌሳ መኪና መሪዋ በቀኝ። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችን አልጋና ማብሰያ ያለበት መኪና ይዘው ለሽርሽር እንደሚወጡ ይነግሩናል። የእኛዋም በአቅሟ ቤት ናት፤ የኋላ ወንበሮቿ ተነስተው ለበሽተኛ አልጋ ተሠርቶላታል፤ መጋረጃ፣ መብራት፣ ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ፍሪጅ፣ ለእነዚህም የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ተጨምሮላታል። ሥራዋ ግን ሽርሽር አይደለም። ወደ ሀገሩ መግባት የፈለገ ሕመምተኛ ሲኖር እስከ ወጫሌ ታደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የጅጅጋ መኪና ይረከባል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን አባታችንን ይዘን ሌሊት ተነሳን። ልጆቻቸው ጅጅጋ ይጠብቋቸው ነበር። ከሐርጌሳ ስንወጣ መኪናዋ ከብዷታል፤ ነዳጅ ቢሰጧትም አትነሳም። አረብሲዮ ስንደርስ በሰዓቱ ሰሌዳ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ገቢሌን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የፊት መብራቱ ደበዘዘ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ሞቶሪኖውም «ጠቅ» ከማለት በቀር አልዞር አለ። ጋሼ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ልጆቼ፣ እሷም እንደ እኔ አርጅታለች፤ አትቆጧት» አሉን። አምስት ሰዓት በመንገድ ዳር ቆየን። በመጨረሻ ጫት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና አዝኖልን እሳቸውንና ነርሷን ወሰደልን። ከልጆቻቸው ጋር ተገናኝተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አብረዋቸው የቆዩት ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ያቺን አምስት ሰዓት እስከ ዛሬ እናስባታለን።

እኛ ደግሞ በዚያው ሌሊት ሌላ ስሕተት ጨመርን። መኪናዋን በገመድ ከጭነት መኪና ኋላ አስረን እስከ ሐርጌሳ አስጎተትናት። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሞተሩ ካልሠራ የዘይት ፓምፑ አይሠራም፤ ጎማዎቹ ግን ውስጡን ያዞሩታል፤ ዘይት ሳይዳረስ ይፋጫል። የኋላ ጎማ የሚነዳት መኪና ስትጎተት የኋላ ጎማዎቿ ይነሳሉ፤ አለዚያ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ይፈታል። ይህን ያወቅነው በማግስቱ ነው።

ያሳየንበት ጋራዥ መብራቷን አይቶ፣ አንድ ዙር ነድቶ «ካምቢዮው አልቋል» አለን። ያገለገለ ካምቢዮ ከነሥራው ከ1,000 ዶላር በላይ ተጠየቅን። መዋጮው በዛድ መግባት ጀመረ፤ ብዙዎቻችሁ ከልጆቻችሁ አፍ ቀንሳችሁ እንደላካችሁ እናውቃለን። ግማሹ እንደገባ አንድ ጎረቤታችን፣ እኛ አዴር የምንላቸው ሶማሊ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለሻይ ሱቃችን ቁጭ ብለው ነገሩን ሰሙ። «መብራቷ ደብዝዛ ነው የቆመችው ወይስ ደምቃ?» ብለው ጠየቁ። ደብዝዛ ስንላቸው ቴስተራቸውን ይዘው ተነሱ።

ያደረጉትን እንዳየነው እንናገር፤ ከእናንተም መኪና ያለው ይጠቀምበታል። በመጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ይላል፤ 12.2 ካለ ግማሹ ሄዷል ማለት ነው። የእኛው በቻርጀር ካደረ በኋላም 12.1 ነበር። ሞተሩ ሲነሳ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ ሲገባው 13.1 ላይ ቀረ። እኛ ወዲያው «ዲናሞው ነው» አልን። አዴር ቴስተሩን ዲናሞው ላይ አደረጉት፤ 14.3! ዲናሞው ደህና ነው፤ ኃይሉ ግን ባትሪው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አድርገው ሞቶሪኖውን አስዞሩን። እዚህ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ መታየት የለበትም፤ ሁለት ቮልት ገደማ አሳየ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ቡሎኑ ተፈትቶ ሲጎተት ግን እንደ ደረቀ ሣር ተበጠሰ። በርበራ በተመላለስንባቸው ዓመታት የባሕሩ ጨው በልቶት ኖሯል።

ታዲያ የማሳ ገመድ ከካምቢዮ ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል፤ እኛም ብለናል። በእኛ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚቀይሩት በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ቫልቮች ናቸው። ኤሌክትሪካቸው ተመልሶ የሚወጣው በካምቢዮው አካል በኩል ነው፤ እሱም በዚያው በበሰበሰው ገመድ። አዴር በመመርመሪያው ሶኬት ውስጥ «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የሚባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፈቱ። መብራቷ ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይታ ሁለት ጊዜ በራች። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች 62 ማለት የአንደኛው ቫልቭ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ካምቢዮው ራሱን ለመጠበቅ በ«ዲ» ላይ ከሦስተኛ ማርሽ ይነሳል። ለካስ ያ ሁሉ ክብደት ይህ ነበር! ዘንጉን ወደ «ኤል» ብናወርደው አንደኛ ማርሽ እንደሚገኝም ያኔ ነው የሰማነው፤ ለዳገት መነሻ ብቻ ይጠቅማል።

አዲስ የማሳ ገመድ ገባ፤ በካምቢዮው ጎን ያለው በዘይትና በአቧራ የተሞላው ሶኬት ተጠረገ፤ የኮምፒዩተሩ ትዝታ ተሰረዘ። 62 እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዘይቱ ግን ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኖ ነበርና ተቀየረ። ሲፈስ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ቀን ነድተን ደገምነው። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉ በሁሉም ቦታ ዞሮ «ፒ» ላይ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ቀዝቅዞ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል።

ሞተሩ የጠፋበት ምክንያት ግን የራሳችን ጥፋት ነው። ሁለተኛውን ባትሪ ስናስገባ ከዋናው ጋር በአንድ ሽቦ ቀጥታ አገናኝተነው ነበር። ፍሪጁ ሌሊቱን ሁለቱንም ያልባል። መኪናዋ ቆማም እንኳ 0.4 አምፔር ትበላለች፤ በቀን ወደ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 የሚለው ባትሪ ሳምንት አይቆይም። መደበኛው ከ0.05 ባይበልጥ ጥሩ ነው። አሁን በመካከላቸው ሬሌ ገብቷል፤ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ያገናኛቸዋል። ከዚህም ሌላ በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘን። ማን እንዳደረገው አልጠየቅንም፤ ነገር ግን በሽተኛ ተኝቶባት በምትሄድ መኪና ውስጥ እሳት መጋበዝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቻችን። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሞርሴቶ ፈትቶ ዲናሞ «መሞከር» ይቅር። በድሮ መኪና ይደረግ ነበር፤ በእነዚህ ግን ዲናሞውንም ኮምፒዩተሩንም ያቃጥላል። ባትሪ ውስጥም የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ ከሱቅ የተገዛ የመጠጥ ውኃ አይጨመርም፤ እኛ ውኃ ሻጮቹ ነን የምንለው።

ለገመዱ፣ ለሬሌው፣ ለዘይቱና ለአዴር የእጅ ዋጋ በጠቅላላው 140 ዶላር ወጣ። ከመዋጮው የቀረው በሒሳብ ሹሟ እጅ ነው፤ ይመለስ ወይስ ባትሪ ይገዛበት የሚለውን ጉባኤው ይወስናል። የእኛ ሐሳብ ዋናው ባትሪ ይቀየር ነው፤ ምክንያቱም ያ 12.1 ገና አልተሻለውም። መኪናዋ ለዘላለም ትኖራለች አንልም፤ ካምቢዮውም በዚያ መጎተት ስንት ዕድሜ እንደተቀነሰበት ወደፊት የሚታይ ነው። መሸጥ የሚሉት ወንድሞች ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ የምንለምናቸው በቴስተር ሳትለካ እንዳትሸጥ ብቻ ነው።

ከእንግዲህ ዘወትር ዓርብ ጠዋት ተነስታ እስከ ኤርፖርቱ መንገድ ደርሳ ትመለሳለች። የባትሪው ልክ፣ የዘይቱ ቀለምና ያበራ መብራት ካለ በሳጥኗ ውስጥ ባለው ደብተር ይጻፋል። ቁልፉ ሱቃችን ነው፤ በሌሊትም ቢሆን አንኳኩ።