የሞስ ዝርያዎችን ስለ መለየትና ስለ መመደብ
(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጉንደ ወይን አካባቢ፣ ክረምት በገባ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ድንጋይ፣ በጽድና በወይራ ግንድ፣ በምንጭም ዳር ለስላሳ አረንጓዴ ምንጣፍ ይነጠፋል። ይህ በሳይንስ ሞስ የሚባለው ተክል ነው። በበጋ ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ገና ይለመልማል። ወይራውን ከጽዱ፣ ግራዋውን ከብሳናው በሩቅ የሚለይ ዓይን እንኳ ይህን ሁሉ እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ በዓለም የታወቁት የሞስ ዝርያዎች ወደ 12,000 ይጠጋሉ።

የመለየት ሥራ የሚጀምረው ሞስ ያልሆነውን ከመተው ነው። በድንጋይና በዛፍ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ ወይም እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየው ግራጫ ነገር፣ ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት ላይከን ነው። ሞስ ግን ቅጠሎች የተሰለፉበት ቀጭን ዘንግ አለው፤ እውነተኛ ሥር፣ አበባና ዘር የለውም፤ የሚራባውም በስፖር ነው።

ከዚህ በኋላ ዐሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ፦ ቅጠሉ መካከለኛ ጅማት አለውን? ጫፉ ሹል ነውን? የስፖሩ ከረጢት የሚወጣው ከዘንጉ ጫፍ ነው ወይስ ከጎኑ? የቀረውን የሴሎች ቅርጽ ማይክሮስኮፕ ይገልጠዋል። የከረጢቱ ክዳን ሲወድቅ በአፉ ዙሪያ የሚታዩት ጥቃቅን ጥርሶችም ዋና ምስክሮች ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐን ሄድቪግ የሞሶችን ምደባ የመሠረተው በእነዚህ ጥርሶች ላይ ነበር፤ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1801 የታተመው መጽሐፉም ለሞስ ስሞች ሕጋዊ መነሻ ሆኖአል።

ለጀማሪ ሁለት በዓለም ዙሪያ የተሠራጩ ዝርያዎች ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ብሪዩም አርጀንቴዩም የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው እንደ ብር ያበራል፤ ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ደግሞ እሳት ባቃጠለው መሬት ላይ ቶሎ ይበቅላል።

የአገራችን ዕፀዋት ጥናት ረዥም ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ጌዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እስኪሞት ድረስ ብዙ ናሙናዎችን ወደ አውሮፓ ልኮአል፤ የአጎቱም ልጅ በስትራስቡርግ የታወቀ የሞስ ሊቅ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቦአል። ነገር ግን መጽሐፉ የሚያበቃው በአበባ አበቦች፣ በጽድ መሰሎችና በፈርን ወገኖች ነው፤ ሞስ በውስጡ የለም።

ስለዚህ ሥራው ገና ይጠብቃል። የሚጠይቀውም ትልቅ ወጪ አይደለም። ሞስ በነፋሻ ጥላ ከደረቀ በኋላ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በውሃ ቢርስ ቅርጹን መልሶ ያሳያል። በከረጢቱ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ የበቀለበት ነገር፣ የሰብሳቢው ስምና ቀኑ ይጻፋል። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ካልተገለጸ ግን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ለተከታዩ ትውልድ ይተላለፋል።

አንድ አሮጌ ወይራ ሲቆረጥ የዛፉ መጥፋት በሁሉ ዘንድ ይታወቃል። በቅርፊቱ ላይ የኖረው ሞስ ግን አስቀድሞ ካልተመዘገበ፣ መኖሩንም መጥፋቱንም የሚመሰክርለት አይገኝም። በጉንደ ወይን የሚያስተምር አንድ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በመስከረም የሚሰበስባቸው ጥቂት የወረቀት ከረጢቶች ይህን ምስክርነት ሊሰጡ ይችላሉ።