የጓሮ ዶሮ ቅንቅንና ሌሎች ጥገኛ ተውሳኮች፤ ጉዳታቸው፣ መከላከያቸውና የማኅበራት ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ እህል ግዢና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዶሮ ቅንቅን ከእነዚህ ጎን ሲቀመጥ አነስተኛ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በብዙ የገጠር ቤተሰብ ዘንድ ከአንዱ መኸር እስከ ሌላው ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለደብተርና ለሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ የሚገኝ ነው። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው በእናቶች እጅ የሚገባና በእነርሱ የሚታዘዝ ነው። ስለዚህ ዶሮ ስትጎዳ አስቀድሞ የሚጎድለው የእናትና የሕፃናት ድርሻ ነው።

ስለ ዶሮ በሽታ ሲነሣ አርሶ አደሩ በመጀመሪያ የሚጠራው ፈንግልን ነው። ይህም ተገቢ ነው። ፈንግል በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። መከላከያው በወቅቱ የሚሰጥ ክትባት ሲሆን፣ ክትባቱም በአገር ውስጥ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ጥገኛ ተውሳኮች ግን እንደ ፈንግል በአንድ ጊዜ አይገድሉም። ዶሮዋ ትከሳለች፤ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፤ የምትጥለው እንቁላል ይቀንሳል፤ የታቀፈችውንም ትታ ትነሣለች። ባለቤቶቿም «መታቀፍ አትችልም»፣ «ዘሯ አይበጅም» በማለት ይሸጧታል ወይም ያርዷታል። በምትኳ የተገዛችውም በዚያው ቆጥ ላይ ታድራለች፤ እርሷም በተራዋ ትከሳለች። ችግሩ ከዶሮዋ ይልቅ በማደሪያዋ እንዳለ ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ቅንቅን የሚለው ስም በየአካባቢው ለልዩ ልዩ ጥቃቅን ተባዮች ይሰጣል። ለመከላከሉ ሥራ ግን እንደ አኗኗራቸው በሦስት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው ቀዩ ቅንቅን ነው። ቀን በቆጡ መጋጠሚያ፣ በግድግዳው ስንጥቅና በመታቀፊያው ገለባ ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ የተኛችውን ዶሮ ደም ይመጥጣል፤ ሳይነጋ ወደ መደበቂያው ይመለሳል። ሳይበላ ግራጫ፣ ሲጠግብ ቀይ ነው። በቆላማና በወይና ደጋ አካባቢዎች የሚገኘው የዶሮ መዥገርም በተመሳሳይ መንገድ በስንጥቅ ውስጥ ይኖራል፤ ከደም መምጠጡ በተጨማሪ በሽታ ያስተላልፋል። ቀዩ ቅንቅን ሳይበላ ለወራት፣ የዶሮ መዥገር ደግሞ ከዓመት በላይ መቆየት ይችላሉ። ስለዚህ የዶሮ ቤቱን ለጥቂት ሳምንታት ባዶ አድርጎ መተው ብቻውን አያጠፋቸውም።

ሁለተኛዎቹ ከዶሮዋ ገላ የማይለዩት ናቸው። ቅማል ከእንቁላሉ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ በላባዋ ውስጥ ይኖራል፤ ከገላዋ ከተለየ ከአንድ ሳምንት ያለፈ ዕድሜ የለውም። ከጭራዋ ሥር የሚሰፍር የቅንቅን ዓይነትም አለ። በዓይኗ ዙሪያና በራሷ ቀይ ሥጋ ላይ ተጣብቆ የሚታየው ጥቁር ነገር ደግሞ ቁንጫ ነው፤ ሲበዛ ዓይኗን እስከመጨፈን ይደርሳል።

ሦስተኛው በእግሯ ቅርፊት ሥር ሰርስሮ የሚገባው ቅንቅን ነው። እግሯ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ችላ ከተባለ ዶሮዋ ታነክሳለች፤ ጣቶቿም ሊቆረጡ ይችላሉ።

አብዛኛው ሰው ዶሮውን የሚመለከተው ቀን በመሆኑ ቀዩን ቅንቅን አያገኘውም። ፍተሻው መካሄድ ያለበት ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በባትሪ ወይም በሞባይል ስልክ መብራት የቆጡን ሥርና መጋጠሚያውን መመልከት፣ ከዚያም በነጭ ጨርቅ ቆጡን ከሥሩ መጥረግ በቂ ነው። ጨርቁ ላይ የደም ሰረዝ ከታየ ቅንቅኑ አለ ማለት ነው። ቅማል ግን ቀንም ይገኛል፤ ከጭራዋ ሥርና ከክንፏ ሥር ያለውን ላባ ገለጥ ሲያደርጉት ሲሮጥ ይታያል፤ በላባው ግርጌም ነጭ ቅጫም ተከማችቶ ይገኛል። ዶሮዎች ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ቀዩ ቅንቅን ሰውንም ይነክሳልና ሕፃናት ሌሊት የሚያሳክካቸው ከሆነ ቆጡንም መፈተሽ ይገባል።

ጉዳቱ በይበልጥ የሚከፋው በእቅፍ ጊዜ ነው። ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ትታቀፋለች። ቀዩ ቅንቅን በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነሥቶ ራሱ እንቁላል ጣይ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። በመሆኑም ዶሮዋ አንድ ጊዜ ጫጩት እስክታስፈለፍል ድረስ ቅንቅኑ በሥሯ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይራባል። ታቃፊዋ እንደ ሌሎቹ ሸሽታ የምታድርበት ስፍራ የላትም፤ ሲበረታባት እንቁላሉን ትታ ትነሣለች ወይም ታቅፋ ሳለች ትሞታለች። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ነው። በአንድ እቅፍ 12 እንቁላል ሲበላሽ ከዓመት ምርቷ ከአምስት አንዱ፣ አንዳንዴም ወደ ሦስት አንዱ የሚጠጋው ጠፋ ማለት ነው። ይህንን ኪሳራ በመዝገብ የሚያሰፍረው ባለመኖሩ እንደ ኪሳራ አይቆጠርም።

መፍትሔው ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሆኖም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት።

በመጀመሪያ ቤቱ ይጸዳል። ቆጡ በቀላሉ የሚወጣና የሚገባ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል። አሮጌው ጉዝጓዝና የመታቀፊያው ገለባ ተጠርጎ ይቃጠላል። ቆጡ ወደ ውጭ ወጥቶ በተለይ መጋጠሚያው የፈላ ውኃ ይፈስበታል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ይውላል። የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረጋል፤ ኖራ በሚገኝበት አካባቢ በኖራ ይቀባል። ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት ለቅንቅን ምቹ መደበቂያ ስለሚሆን ለቆጥ የሚመረጠው የተላጠና ለስላሳ እንጨት ነው።

ቀጥሎ ዶሮዎቹ ይታከማሉ። ከእንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚገኝና ለዶሮ የተፈቀደ ፀረ-ቅንቅን ዱቄት በክንፍ ሥር፣ በአንገትና በጭራ ሥር እስከ ቆዳው ድረስ ይነሰነሳል። ሥራውን የሚያከናውነው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ መሸፈን፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና መታጠብ ይገባዋል። ከሕክምናው በኋላ እንቁላሉና ሥጋው ለስንት ቀን ለምግብ እንደማይውል ባለሙያውን መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መድገም ነው። ዱቄቱ የተፈለፈለውን እንጂ በእንቁላል ያለውን አይገድልም። ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥ ካልተደገመ የተረፈው እንቁላል ተፈልፍሎ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዶሮዋም ራሷን እንድትረዳ ማድረግ ይቻላል። ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ደረቅ አፈርና የተነፋ የእንጨት አመድ ቢቀመጥላት በውስጡ እየተንከባለለች ከላባዋ ተባይ ታራግፋለች። ነባሩ የአመድ ልማድ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ በስንጥቅ ውስጥ ለተደበቀው ቅንቅን አለመድረሱ ብቻ ነው። እግሯ ለሻከረባት ዶሮ ደግሞ እግሯን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ ካደረቁ በኋላም ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በደንብ መቀባት፣ ይህንንም በየጥቂት ቀናት ለተወሰኑ ሳምንታት መደጋገም ይጠቅማል። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ግን ያቆስላታል።

የሆድ ውስጥ ተውሳኮችም ከዚሁ ጋር መታየት አለባቸው፤ እነርሱም የሚበረቱት በእርጥብና ባልተጠረገ ቤት ነው። የወስፋት እንቁላል ከኩሱ ጋር ወጥቶ በእርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ከ10 ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ሌላዋን ዶሮ ለመያዝ ይበቃል። የኮሶ ትል የሚተላለፈው ዶሮዋ በምትለቅማቸው ጢንዚዛዎች፣ ጉንዳኖችና ቀንድ አውጣዎች ነው። ጫጩቶችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስይዘው ኮክሲዲዮሲስ ደግሞ በእርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ውስጥ በሁለት ቀን ገደማ ለመያዝ ይደርሳል። ለወስፋት የሚሰጠው ፒፐራዚን የኮሶ ትልን አያጠፋም፤ ለኮክሲዲዮሲስ የሚሰጠው አምፕሮሊየምም ለትል አይሠራም። ስለዚህ «የዶሮ መድኃኒት» ብሎ ከገበያ ከመግዛት ይልቅ ኩሱን ለባለሙያ ማሳየት ገንዘብ ያድናል። ጉዝጓዙን ደረቅ ማድረግ፣ የውኃ መጠጫውን ማጽዳትና ጫጩቶችን ከትልልቆቹ መለየት ግን ምንም ወጪ የለውም።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ለሰብል የተገዛ ፀረ-ተባይ በዶሮ ገላ ላይ መርጨት፣ ለጎተራ ነቀዝ የሚውለውን መርዝ በቆጥ ሥር መነስነስ በፍጹም አይገባም። በተለይ የጎተራ ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ቤተሰብ ይፈጃል። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ጉዳቱ በአንድ ቤት ብቻም አይወሰንም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. በ2017) በአውሮፓ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። በኔዘርላንድና በቤልጂየም የዶሮ ቤቶችን ከቀዩ ቅንቅን ለማጽዳት የተረጨው መድኃኒት ፊፕሮኒል የተባለ፣ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ እንዳይውል የተከለከለ ፀረ-ተባይ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። መርዙ በእንቁላል ውስጥ በመገኘቱ በኔዘርላንድ ብቻ ከ100 በላይ እርባታዎች ለጊዜው ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላልም በተለያዩ አገሮች ከገበያ ተነሣ። ብዙዎቹ አርቢዎች በመድኃኒቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር። እንቁላሉን ሰብስቦ ለከተማ ገበያ ለማቅረብ የሚያስብ ማኅበር ሁሉ ይህንን ሊያስታውስ ይገባል። አንድ አባል በስህተት የረጨው መርዝ የሁሉንም አባላት እንቁላል ገዢ ሊያሳጣው ይችላል።

የማኅበራት ድርሻም እዚህ ላይ ነው። የጓሮ ዶሮ አጥር አያግደውም፤ የአንዱ ዶሮ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ይውላል። አንዱ አክሞ ሌላው ካላከመ ተባዩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። አምስት ወይም ስድስት ዶሮ ያለው ቤተሰብ አንድ እሽግ መድኃኒት ቢገዛ አብዛኛው ይተርፈዋል፤ ካልገዛም ወደ ሰብል መርዙ እጁን ይሰዳል። መሠረታዊ ማኅበሩ በጋራ ገዝቶ ቢያከፋፍል፣ የአንድ መንደር ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጣቸውን ቢያጸዱና ዶሮአቸውን ቢያክሙ፣ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥም በአንድነት ቢደግሙ ወጪው ይቀንሳል፤ ውጤቱም ይጸናል። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ወዲያው ከሌሎቹ እንዳትቀላቀል፣ ላባዋና እግሯ ተፈትሾ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ እንድትቆይ መስማማትም ይገባል። እነዚህ ውይይቶች ዶሮውን የሚጠብቁት እናቶች በተገኙበት ካልተካሄዱ ግን ፍሬ አይኖራቸውም።

ከአመራሩ የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ለቤተሰቦች የሚሰጡ የተሻሻሉ ዝርያዎች ከአገር ዶሮ የበለጠ እንቁላል ይጥላሉ፤ የተሻለ ቤትና እንክብካቤም ይፈልጋሉ። ቅንቅን ወደሞላበት አሮጌ ቤት የገቡ ቄቦች የታሰበውን ውጤት አይሰጡም። ስለዚህ ከሥርጭቱ በፊት የየቤቱ ቆጥ ቢፈተሽ፣ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላም ለዶሮ የተፈቀደ መድኃኒት ቢኖረው ይበጃል። በሪፖርት ላይ ስንት ጫጩት እንደተከፋፈለ ብቻ ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለና ስንቱ እንቁላል እንደጀመረ ቢሰፍር የሥራው መልክ ይለወጣል።

በአጠቃላይ ዶሮዋን ብቻ አክሞ ቤቱን መተው፣ ቤቱን አጽድቶ አለመድገም፣ ብቻ አጽድቶ ጎረቤትን አለማስተባበር ሦስቱም ድካምን ከንቱ ያደርጋሉ። ከዚህ በዓል ወደየቤቱ የሚመለስ እያንዳንዱ አባል ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ በነጭ ጨርቅ የቆጡን ሥር ጠርጎ ይመልከት። ደም ካገኘ በነጋታው ለጎረቤቱና ለማኅበሩ ይንገር።

መልካም በዓል።