የደም መንገድ፦ ከገሌን እስከ ሊማሊሞ

በሲያትል አጠገብ፣ በቱክዊላ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር

የምናገረው ደም በልብና በሳንባ መካከል ስለሚያደርገው ጉዞ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የጥንቱን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ፈጠን ልበል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ገሌን፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተማረ። በ1242 የደማስቆው ተወላጅ ኢብን አል ነፊስ፣ ግድግዳው ድፍን ነው፤ ደሙ ግራው ክፍል የሚደርሰው በሳንባ ዞሮ ነው ሲል ጻፈ። በአውሮፓ ሰርቬተስ በ1553፣ ኮሎምቦ በ1559 ያንኑ አሉ። ሃርቬይ በ1628 ደም መላ አካልን እንደሚዞር አስረዳ። ማልፒጊ በ1661 የእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ደም ስሮች በማይክሮስኮፕ አየ። የኢብን አል ነፊስ ሐሳብ ግን ተረስቶ ኖረ፤ ግብፃዊው ሐኪም አል ታታዊ በርሊን ውስጥ ጽሑፉን አግኝቶ ያወጣው በ1924 ነው። አንድ ትልቅ ምዕራፍ ከታሪክ እንዴት እንደሚወድቅ ከዚህ ተማሩ።

አሁን እኔ ዕድሜዬን ወደሰጠሁበት ልምጣ። በ1946 ተመራማሪዎቹ ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ በድመቶች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ስሮች እንደሚጠብቡና ግፊቱ እንደሚጨምር አሳዩ። እንግዲያው ዘመኑን ሁሉ ስስ አየር የሚተነፍስ ደገኛ እንዴት ይኖራል?

ብዙ ጸሐፊዎች ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ አንዲስን፣ ቀጥሎ ቲቤትን ይጠራሉ፤ ኢትዮጵያን በ2002 ያስገቧታል። ይህን እቃወማለሁ። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ1969 ባሳተሙት ጥናት 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን አዲ አርቃይንና 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅን አነጻጽረዋል። የሰዉን ደረትና የሳንባ አቅም ለክተዋል። ከ2002 በፊት የነበረውን 33 ዓመት ዘልሎ ታሪክ መጻፍ ታሪክ አይባልም!

እኔ የአዲ አርቃይ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር የሊማሊሞን አቀበት ወጥተን ደባርቅ ገበያ ስንሄድ እኔ በየመታጠፊያው እየቆምኩ አለከልክ ነበር። የደባርቅ ሽማግሌዎች እህል ተሸክመው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አልፈውን ይሄዱ ነበር። እናቴ «የደጋ ሰው ነው፣ ሳንባው ሌላ ነው» ትለኝ ነበር። ሳንባቸውን ለመለካት ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት ልዩነቱን የአገሬው ሰው ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ2002 ሲንቲያ ቤል የመራችው ጥናት ሲጠቀስ «ቤል እና ሌሎች» ይባልና ይታለፋል። ከእነዚያ «ሌሎች» አንዱ አምሃ ገብረመድህን ነው። ስሙ ሙሉውን ይጠራ፤ ልጆቻችን ይስሙት።

ያ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረ። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆነ፤ ኦክስጅን ተሸካሚው የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በቆላ እንደሚኖር ሰው ነው። ጸሐፊዎቹ የጠየቁት ደማቸው ምን እንደያዘ ነው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ ደሙ ምን ያህል እንደሚፈስም መጠየቅ ነበረባቸው። በ2011 ሆይት፣ ቤል፣ አምሃና ባልደረቦቻቸው 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩትን አማሮች 1,200 ሜትር ላይ ከሚኖሩት ጋር አነጻጸሩ። የደገኞቹ የሳንባ ደም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ደም ስሮቻቸው ግን ለፍሰቱ የሚያሳዩት መቋቋም አልጨመረም። የጨመረው ፍሰቱ ነው። ወንዝ የሚሞላው ዝናብ በዝቶም፣ መውረጃው ተደፍኖም ነው፤ ከፍታውን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አይለይም።

ላጠቃልል። ገሌን መንገዱን ሳተው። ኢብን አል ነፊስ መንገዱን አገኘ፣ ተረሳም። ሃርቬይ ዑደቱን አሳየ፣ ማልፒጊ ቀጫጭኖቹን ስሮች። በ1946 የሳንባ ደም ስሮች ኦክስጅን ሲያንስ እንደሚጠብቡ ታወቀ። በ1969 ደባርቅና አዲ አርቃይ ተለኩ። በ2002 አምባራስ፣ በ2011 ፍሰቱ። የእኛ ተራራ በዚህ መስመር ላይ በመካከል ያለ ምዕራፍ ነው፤ በግርጌ ማስታወሻ የሚታለፍ አይደለም።

አዘጋጆቹ ሰዓት እየጠቆሙኝ ስለሆነ የቀረውን ላሳጥር። የደምን ፍሰት ቆዳ ሳይቀድ የሚለካው ዶፕለር አልትራሳውንድ እንዲዳብር በ1960ዎቹ ሮበርት ራሽመርና ዶናልድ ቤከር እዚሁ ሲያትል፣ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ሠርተዋል። ስለዚህ የጎረቤታችን ሥራ ነው፤ ብቻውን ሌላ ዲስኩር ይፈልጋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የአገር ቤት ሕፃናት ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ከፍቷል። ብዙዎቹን ልጆች ወደ ማዕከሉ የሚያመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የግራው የልብ በር ሲጠብብ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ግፊቱም ይወጣል። እዚህ ግፊቱ ከመዘጋት የመጣ ነው፤ የደገኛው ገበሬ ግፊት ደግሞ ከፍሰት ብዛት። ቁጥሩ ቢመሳሰልም አንዱ ጤና፣ ሌላው ሞት ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን ፔኒሲሊን በጊዜው ከተሰጠ ይከላከለዋል። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው፤ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።